ብግነት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከሆጤ የመጣውም፣ ከሙጋድ የመጣውም፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን አቋርጦ የመጣውም ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። «እንዲያው ምን ሆነ ነው የሚለኝ?» ነው ጥያቄው። ከአስር ወረቀት ብዙው ላይ ደግሞ መልሱ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ተቆጥቷል። ሐኪሞቹ ብግነት ይሉታል። ስለዚህ ነገር በብዛት የሚጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሐኪም የሚያየውን ማንም በጽሑፍ አያይም። ይህ ጽሑፍ ወረቀቱን ለመረዳትና የሚቀጥለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

ብግነት ምንድን ነው?

ሰውነት ሲጎዳ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ጉዳቱ ከጀርም ሊመጣ ይችላል። ከቃጠሎ፣ ከወለምታ፣ ከንብ ንድፊያ፣ ከኬሚካልም ሊመጣ ይችላል። የተጎዱት ሴሎች እንደ ሂስታሚንና ፕሮስታግላንዲን ያሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። በአካባቢው ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው ይሞቃል፣ ይቀላል። የሥሮቹ ግድግዳ ይላላና ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ቦታው ያብጣል። ነርቮቹ ከመጠን በላይ ንቁ ይሆናሉ፤ ያማል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማክሮፌጅ የሚባሉት ተከትለው ፍርስራሹን ያነሳሉ።

ሰፈር ውስጥ እሪታ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ እንደሚሮጠው ነው። ሌባውን ያባርራል፤ ግን በዚያው ግርግር ደጅ የተሰጣውን እህል ይረጋግጠዋል። የብግነት ሕመም አብዛኛው የተረገጠው እህል ነው።

ሴልሰስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት አራቱን ምልክቶች በጽሑፍ አስቀምጧቸዋል፤ ቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀት፣ ሕመም። አምስተኛው፣ ማለትም የተቆጣው አካል ሥራውን መሥራት አለመቻሉ፣ የተጨመረው በኋላ ነው። ዛሬም የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያ ዓመታቱ የሚማረው እነዚሁኑ አምስቱን ነው።

«ቁስሌ ተቆጣ» ስል ሐኪሙ ይረዳኛል ወይስ «ብግነት» ማለት አለብኝ?

በደንብ ይረዳዎታል። «ተቆጣ»ም «በገነ»ም ለንዴት የምንጠቀምባቸው ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ብግነት» የመጽሐፍና የሬዲዮ ቃል ነው። ከቃሉ ይልቅ ለሐኪሙ የሚጠቅመው መቼ እንደጀመረ፣ እየሰፋ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ መንገርዎ ነው። «አመረቀዘ» ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው የተናገሩት፤ ቁስሉ መግል ይዟል ማለት ነው። መግል ከሌለው አይበሉት።

ቅላት ይላሉ፤ የኔ ቆዳ ጠይም ነው። ቅላቱ የታለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፈረንጆቹ የጻፏቸው መማሪያዎች ላይ ያለው ፎቶ በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ቀይ ላይሆን ይችላል። ከአካባቢው ይበልጥ ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል ወይም ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ዓይንን ብቻ አትመኑ። የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡበት፤ ከሌላው እግር ወይም ከሌላው ጉንጭ ጋር አወዳድሩት። ሞቆ ካገኛችሁትና ሲነካ ካመመ፣ ባይቀላም ተቆጥቷል።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ቆዳ ላይ ያለ ብግነት ሲሆን ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ ሰዓቱንም ጻፉበት። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ይደረጋል። በማግስቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ ማንም ሊከራከራችሁ አይችልም።

ብግነትና ኢንፌክሽን አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ይህን ጥያቄ ነው ከሁሉም በላይ የምፈልገው፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብም ብዙ ጉዳትም የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

ኢንፌክሽን ማለት ጀርም ገብቶ ተራብቷል ማለት ነው። ብግነት የሰውነት ምላሽ ነው። ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ እግሩ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያመዋል፤ አንድም ጀርም የለበትም። ሪህ የያዛቸው ሰው የእግራቸው አውራ ጣት ሌሊት እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው የዩሪክ አሲድ ክሪስታል መገጣጠሚያው ውስጥ ስለተጠራቀመ ነው። እዚያም ጀርም የለም። የአለርጂ አስም የአየር ቧንቧ ብግነት ነው። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጀርም ኖሮ ብግነት የማይታይበትም ጊዜ አለ፤ ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶ ምንም የማያማቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እኛ ከተማ ግን «ኢንፌክሽን» የሚለው ቃል ሁሉን ይጠቀልላል። «ትንሽ ኢንፌክሽን አለኝ፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ይላል ሰው። የት ነው ያለው? ጉልበቱ ላይ፤ ድንጋይ መትቶት። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የተመታ ጉልበት አያክምም። ያለ ምክንያት ሲወሰድ ሆድ ያስኬዳል፣ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ያመጣበታል። ከሁሉ የከፋው ባክቴሪያዎቹን ማለማመዱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ቀን በእውነት ሲያስፈልግ አይሠራም።

ወረቀቴ መጨረሻው «አይተስ» የሚል ቃል አለው። ምን ማለት ነው?

«እዚህ ቦታ ብግነት አለ» ማለት ነው፤ ከግሪክኛ የመጣ ቅጥያ ነው። ፊቱ ያለው ቦታውን ይነግራል። ቶንሲላይተስ ቶንሲል ነው። ጋስትራይተስ ሁላችንም «ጨጓራ አለብኝ» የምንለው ነው። ሄፓታይተስ ጉበት ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ የወፍ በሽታ የሚባለው። አፔንዲሳይተስ ትርፍ አንጀት ነው። ሲስታይተስ የሽንት ፊኛ ነው። አርትራይተስ መገጣጠሚያ፣ ኦታይተስ ጆሮ፣ ማስታይተስ የሚያጠቡ እናቶች ጡት ነው። ሜኒንጃይተስ ማጅራት ገትር ነው፤ ይህን ያየ ሰው ጽሑፍ ማንበቡን ትቶ ሆስፒታል ይሂድ።

ቃሉ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንዳመጣው። ጋስትራይተስ በኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል። በየጊዜው ከሚዋጥ ማስታገሻም ሊመጣ ይችላል። ከአልኮልም እንዲሁ። ለመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ማስታገሻውን ማቆም ነው፤ ለሦስተኛው መጠጡን። ሄፓታይተስም በቫይረስ፣ በመጠጥ ወይም በመድኃኒት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት «ይህን ያመጣብኝ ምን ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ወረፋው ረጅም ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ጥያቄው አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ያለዚያ እኔ ጋ መጥታችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሆዳችሁን አላየሁትም።

ሴሉላይተስ፣ አብሰስ፣ ፍሌግሞን፤ ሦስቱም እብጠት አይደሉም?

ሦስቱም እብጠት ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ይለያል።

ብጉንጅ ሲወጣ «ገና አልበሰለም» እንላለን አይደል? ልዩነቱ እዚያ ውስጥ አለ። አብሰስ የበሰለው ነው። መግሉ አንድ ቦታ ተከማችቷል፣ ዙሪያውን ግድግዳ ሠርቷል። በጣት ሲጫኑት ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ይሰማል። መድኃኒቱ መክፈትና ማፍሰስ ነው። መግል እንደተዘጋበት አንቲባዮቲክ ብቻ መዋጥ ብዙም አይረዳም፤ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ በደንብ አይደርስም።

ሴሉላይተስ የቆዳውና ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ በባክቴሪያ ሲቆጣ ነው። የሚከፈት ነገር የለውም። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፤ እግር ከሆነ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በር የከፈተለትን ነገርም መፈለግ ነው፤ በእግር ጣቶች መካከል ያለ ቁስል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የተቧጠጠ ቆዳ።

ፍሌግሞን የሚለውን ቃል በብዛት የምታዩት በአልትራሳውንድ ወረቀት ወይም በቀዶ ሐኪም ጽሑፍ ላይ ነው። ጠለቅ ያለው ሥጋ ተቆጥቶ፣ ጠጥሮ፣ ብግነቱ ሳይወሰን ተሰራጭቷል፤ መግሉ ግን ለብቻው አልተከማቸም። አልበሰለም እንደማለት ነው። ሊቀዱት ቢሞክሩ የሚወጣ የለም። ሊበስል ይችላል፣ በመድኃኒት ሊሟሽሽም ይችላል። አልትራሳውንዱ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «ገንዘባችንን ለመብላት» ይለዋል።

ያልበሰለውን በጥፍር ወይም በመርፌ መጭመቅ የለም። በተለይ ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር አካባቢ ያለውን አትንኩ። የዚያ አካባቢ ደም መላሽ ሥሮች ከዓይን ጀርባ ወደ ጭንቅላት ውስጥ የሚያልፍ መንገድ አላቸው።

ወንድሜ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ተኛ፤ ግን አልቀደዱትም። ትተውት ነው?

ላይሆን ይችላል። ትርፍ አንጀት በጊዜ ሲደረስበት በብዛት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሰውዬው «ቁርጠት ነው» እያለ ሦስት አራት ቀን ቤቱ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ሊፈጠር ይችላል። በዙሪያው ያለው አንጀትና የሆድ ውስጥ የስብ መጋረጃ በተቆጣው ቦታ ላይ ተጣብቀው ይሸፍኑታል። ቀኝ ጎን ታች ላይ ጠጣር እብጠት ይዳሰሳል። ወረቀቱ ላይ ፍሌግሞን ወይም የትርፍ አንጀት ማስ ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ሰዓት መክፈት የተጣበቀውን ጤነኛ አንጀት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች በደም ሥር አንቲባዮቲክና ፈሳሽ እየሰጡ፣ ትኩሳቱንና እብጠቱን በየዕለቱ እየለኩ መጠበቅን ይመርጣሉ። መግል ከቋጠረ ያፈስሱታል። ቀዶ ሕክምናው ከሳምንታት በኋላ ሊታሰብ ይችላል። አስታማሚ ሆናችሁ ስትቀመጡ የሚከብድ ነገር ነው፤ ግን ሕክምና ነው እንጂ ቸልታ አይደለም። የቀጠሮውን ቀን ግን አትርሱ። ሕመሙ ከተወው በኋላ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

ልጄን ቶንሲል በየጊዜው ይይዘዋል። በየጊዜው አንቲባዮቲክ ልስጠው?

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጦሳ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን ጉሮሮ የማያመው ልጅ የለም። ብርዱ ራሱ ቶንሲል አያመጣም፤ ሰው ቤት ዘግቶ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። አብዛኛው የጉሮሮ ብግነት የቫይረስ ነው። ሳል ካለው፣ አፍንጫው ከፈሰሰ፣ ድምፁ ከሻከረ ያዘነበለው ወደ ቫይረስ ነው። ሞቅ ያለ ነገር፣ ዕረፍት፣ ለሕመሙ በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ማር ሳሉን ያለዝበዋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ሳል ሳይኖረው ከፍ ያለ ትኩሳት ከመጣ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገቱ ላይ የሚያም ንፍፊት ካለ፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ በእርግጥ ያስፈልጋል። ወይ አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ። በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ አታቁሙ።

ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ ቶንሲል ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሩማቲክ ፊቨር ሊያስከትል ይችላል። ጀርሙን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ የልጁን መገጣጠሚያና ልብ ማጥቃት ይጀምራል። መገጣጠሚያው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ያማል፣ ከዚያ ይድናል። የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ ለመወጋት የሚመላለሱ ወጣቶችን አይታችሁ ከሆነ፣ ከብዙዎቹ ታሪክ ጀርባ አንድ የጉሮሮ ሕመም አለ።

እንጥል ማስቆረጥ ለቶንሲል መፍትሔ አይደለም። እንጥልና ቶንሲል የተለያዩ ናቸው። ልጁ ደም ይፈስሰዋል፣ በምላጩ ሌላ በሽታ ይገባበታል። አያቶቻችን ሐኪም ባልነበረበት ጊዜ ያደረጉት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ዛሬ ግን ምክንያት የለም።

ጉንጬ ላይ ያለው ቁስል ወራት ሆነው። አንቲባዮቲክ ጨረስኩ፣ አልዳነም። ምን ዓይነት ብግነት ነው?

ፊት፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ ብዙም የማያም፣ የሚቀረፍ ወይም የሚያብጥ ነገር ከሆነ ቁንጭር መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። የቆዳ ሌይሽማንያ ነው። ባክቴሪያ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ጥገኛ ተሕዋስ ነው የሚያመጣው፤ ስሙም ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ ይባላል። ሽኮኮ ላይ ይኖራል። በምሽት የምትነክስ ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ታመጣዋለች። ደጋና ወይና ደጋ ላይ፣ ገደልና ዋሻ ባለበት ነው የሚበዛው። ደቡብ ወሎ ደግሞ ገደል የሚቸግረው አገር አይደለም።

ይህ ብግነት የቆየ ብግነት ከሚባለው ወገን ነው። ሰውነት ጀርሙን ሊያጠፋው አቅቶት በሴሎች ከብቦ ያስቀምጠዋል። ሙቀቱና ሕመሙ ያን ያህል ስለማይሰማ ሰው ችላ ይለዋል። አንዳንዱም ጠባሳ ትቶ በራሱ ይድናል፤ ግን ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የማይድንና ፊት ሙሉ የሚሰራጭ ዓይነትም አለ።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለእኛ አካባቢ ሰው በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው። በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው፤ ቁንጭርም ያክማል። ከቁስሉ ዳር ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስሙን ከሥጋ ደዌ ጋር አያይዘው «ሰው ምን ይለኛል» ብለው የሚቀሩ አሉ። ወራት ቅባት እየገዙ ከመቀመጥ አንድ ቀን መሄዱ ይሻላል።

እግሬ ወለም ብሎኝ አብጧል። ወጌሻ ልሂድ? ሙቅ ላድርግበት?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሙቅ አይደረግም። ማሸትም የለም። ሥሮቹ ገና እየፈሰሱ ነው፤ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ ይበቃል። የደሴ የጠዋት ውሃ በረዶ አያስመኝም። ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ላላ ባለ ፋሻ መጠቅለል። ከዚያ በኋላ ሙቅ ደስ ካለዎት ችግር የለውም።

አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመዎት ራጅ ይነሱ። ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ ለቀላል ወለምታ የረዳቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ጠበቅ አድርጎ በሸምበቆ ማሰሩ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ በዚያው ሰዓት ይፈታ። «እስከ ነገ ይቆይ» የተባለ እግር ተቆርጦ ያውቃል።

ዲክሎ ሁሉንም ያስታግሰኛል። ምን ጉዳት አለው?

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ቆሞ የሚውል ሰውም፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚቀመጥ ልጅም፣ ዲክሎፌናክን በስሙ ነው የሚጠራው። ያስታግሳል፤ እውነት ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ኬሚካል እንዳይመረት ያግዱታል። ብግነቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ችግሩ ይኸው ኬሚካል የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውና ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም የሚያስተካክለውም መሆኑ ነው። በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ጨጓራ ይቆስላል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይደማል። እንደ ሬንጅ ጥቁር ሰገራ ያየ ሰው ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ።

የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ዲክሎን ሳያማክር አይውሰድ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ። እርጉዝ ሴትም፣ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ። ዲክሎና አይቡፕሮፌንን አንድ ላይ መውሰድ ጥቅም አይጨምርም፤ ጉዳቱን ግን ይጨምራል። መርፌው ከክኒኑ «ይሻላል» ተብሎ ቢወሰድም ጨጓራን አያድነውም። በደም ዞሮ እዚያው ነው የሚደርሰው።

ፓራሲታሞል ትኩሳትና ሕመም ይቀንሳል እንጂ ለብግነቱ ብዙም አይሠራም። ለጨጓራ ግን ይሻላል። ለአዋቂ የ500 ሚሊግራሙ ክኒን በ24 ሰዓት ከ8 መብለጥ የለበትም። ጉበታቸው የታመመ ወይም የሚጠጡ ሰዎች ከዚያም ያነሰ።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የጠነከሩ ፀረ-ብግነት ናቸው። ሁለት ቀን የወሰደ ሰው «ተአምር ነው» ይላል። የሰውነትን መከላከያም አብረው ስለሚያዳክሙ የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቅሱ፣ ስኳር ሊያወጡ ይችላሉ። ሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ ራሱን ሊስት ይችላል። ከነዚሁ ቤተሰብ የሆኑት ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ደግሞ ፊት ለማቅላት ሲቀቡ አያለሁ። ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፤ ሲቆሙ ፊቱ ይለበለባል። እህቶቼ፣ እባካችሁ።

እየጾምኩ ነው። መድኃኒቱን እንዴት ልውሰድ?

ረመዳንም ሆነ ዓቢይ ጾም፣ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገሩት። ብዙ ሰው ሳይናገር ይቀርና ቤት ሄዶ በራሱ ያሸጋሽገዋል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን አንቲባዮቲክ ሁለቱን ውጦ አንዱን መዝለል ሕክምናውን ያበላሻል። በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ወይም አንድ ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ አለ። ለኢፍጣርና ለሱሁር ሁለት ጊዜው ይመቻል። ዲክሎን በባዶ ሆድ አይውሰዱ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከበላ በኋላ ይዋጠው። ትኩሳት ላለበት፣ ስኳር ላለበት ወይም ለሚያስመልሰው ሰው ጉዳዩ ከሰዓት ማሸጋሸግ ያልፋል። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው፤ ሼሁንም ቄሱንም መጠየቅ ነው።

ኢኤስአር 45 ነው ተባልኩ። ካንሰር ነው?

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። ኢኤስአር ደም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ቆሞ ቀይ ሴሎቹ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ ይለካል። ብግነት ሲኖር ፈጥነው ይዘቅጣሉ። የደም ማነስም፣ እርግዝናም፣ ዕድሜም ከፍ ያደርጉታል። ሲአርፒ የሚባለው ሌላ ምርመራ ፈጣን ነው። ብግነት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ሲሻል ቶሎ ይወርዳል። ሁለቱም «አንድ ቦታ ብግነት አለ» ይላሉ እንጂ የት እንደሆነና ለምን እንደሆነ አይናገሩም። ወረቀቱን ይዘው እኔ ጋ ሳይሆን ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ጋ ይመለሱ።

እስከ ነገ መጠበቅ የሌለበት የቱ ነው?

የጥርስ ሕመም ተከትሎ አገጭ ሥርና ምላስ ሥር አብጦ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ በሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1836 የገለጸው በሽታ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። አየር ይዘጋል። የዓይን ዙሪያ አብጦ ዓይኑ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም እይታው ከደበዘዘ፣ እንደዚያው።

ቆዳው ላይ ከሚታየው ይልቅ ሕመሙ እጅግ ከበረታ፣ ቦታው ከጠቆረ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ በሰዓታት ውስጥ ከሰፋ ጥልቅ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ትኩሳት መጥቶ አንገት ከደረቀ ወይም ሰውዬው ከተወናበደም ይሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣ ማንኛውም ቁስል፣ ባያምም። ስኳሩ ነርቩን ስለሚያደነዝዘው አለማመሙ ራሱ አደጋ ነው። ወንድ ልጅ የዘር ፍሬው በድንገት ካመመው «ብግነት ነው፣ ያልፋል» አይባልም። ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ልጆች ያፍራሉ፤ እናት አባት ይጠይቃቸው።

በርበሬና ሥጋ ብግነት ያባብሳሉ?

በርበሬ ጨጓራ አያቆስልም፤ የቆሰለን ጨጓራ ግን ያቃጥላል። ካመመዎት ይቀንሱት፣ ካላመመዎት ይብሉ። ሥጋ ቁስል ያመረቅዛል የሚባለው ልክ አይደለም። ቁስል እንዲድን ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከቀዶ ሕክምና የተነሳን ሰው እንቁላልና በደንብ የበሰለ ሥጋ መከልከል ማዳከም ነው። ጥሬ ሥጋ ግን ይቅር፤ እሱ ለጤነኛውም ኮሶ ያመጣል። በጾም ላይ ከሆነ ሽሮና ምስር ይበላ፤ ባቄላም አለ። ፋቪዝም የሚባል የደም ችግር ያለበት ሰው ግን ባቄላውን ይተወው።